የከርከሮዋ አምስተኛ ግልገል

የሟቹ የቀኝ እጅ አራት ጣቶች ተሰብረዋል። መርማሪዋ አንሶላውን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ከስምንት ሜትር ማማ ላይ የወደቀ ሰው አንገቱም ጀርባውም ቢሰበር ያለ ነገር ነው። አራት ጣቶች በአንድ መስመር ተሰልፈው የሚሰበሩት ግን ሰው በጫማ ሲረግጣቸው ነው። ጣቶቹ ላይ ያለው ቁስልም የጫማ ሶል ጠርዝ ያህል ስፋት ነበረው። ሟቹ ዶክተር እንዲሁ አልወደቁም። የማማውን ጠርዝ ይዘው ተንጠልጥለው ሳለ አንድ ሰው እጃቸውን ረግጦ አስለቅቋቸዋል።

አንሶላውን መልሳ ሸፈነችና ጓንቷን አወለቀች። ሊሰማት የሚገባውን ነገር ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። ባሏን ከቀበረች ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሰውነቷ ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ሆኗል፤ የራሷ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ይመስላል። አለቃዋ እረፍት ውሰጂ ብሏት ነበር። እቤት ተቀምጣ ግድግዳ ከማየት ሬሳ ማየት ይሻላል ብላ መጣች።

«ኢንስፔክተር፣ በከንቱ ደከሙ እንጂ ነገሩ አልቋል» አላት ሃምሳ አለቃው። ትናንት ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ደርሶ፣ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ገዳዩን አስሬያለሁ ብሎ ሪፖርት የላከው እሱ ነው። ደረቱ ገና ከኩራቱ አልተነፈሰም።

ቦታው በደን መሃል ያለ የዱር እንስሳት መቁጠሪያ ጣቢያ ነው፤ አራት የእንጨት ክፍሎች፣ የቆርቆሮ መመገቢያ አዳራሽ፣ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ደግሞ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ። የሚኖሩበት ሰዎች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ዋናው ዶክተሩ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ አሥራ አራት ዓመት አብሯቸው የቆጠረው ምክትላቸው አለ። ከቅጥነታቸው የተነሣ ሁሉም ሰው ጋሼ ጭራሮ የሚላቸው ዘበኛና ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ሚስታቸው አሉ። የዶክተሩ ልጅ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ እረፍት ወጥታ የመጣችው ባለፈው እሑድ ነው።

እንስሳቱን የሚቆጥሩት በዓይናቸው ብቻ አልነበረም። በየመንገዱ ዛፍ ላይ አሥራ ሁለት ካሜራዎች ታስረዋል። ትኩስ ገላ ያለው ነገር ፊታቸው ሲንቀሳቀስ ራሳቸው ያነሳሉ፤ ከፎቶው ግርጌም ቀኑንና ሰዓቱን ያትማሉ። ዝንጀሮ እንዳይነካካቸው እያንዳንዳቸው ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ካሜራ ሰባት ወደ ማማው በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በመንገዱ ግራ ረግረግ፣ በቀኙ ገደል ስላለ ሌላ መሄጃ የለም። ዶክተሩ ዘወትር ጎሕ ሲቀድ በዚያ አልፈው ማማው ላይ ይወጡ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ኮምፒውተሩን ከፈተና ፎቶዎቹን አሳያት። ረቡዕ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ፣ ዶክተሩ በአረንጓዴ ጃኬታቸው ያልፋሉ። ከዘጠኝ ላይ ከርከሮና ግልገሎቿ። ከሃያ አራት ላይ ጋሼ ጭራሮ ወደ ማማው ሲሄዱ፤ ከአርባ አንድ ላይ ሲመለሱ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

«ሬሳውን ያየው ሐኪም ሞቱን በአሥራ ሁለትና በአንድ ሰዓት መካከል ነው ብሎታል። ካሜራ አይዋሽም» አለ ሃምሳ አለቃው። «መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌውን ይዞ ወደ ከተማ ይወርዳል።»

አሥር ሰዓት ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ቀርቶታል። አንድ ሰው በግድያ ተጠርጥሮ ከተማው እስር ቤት ከገባ፣ ፋይሉ እስኪገለጥ ድረስ ዓመት ሁለት ዓመት እንደሚቀመጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ጋሼ ጭራሮ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሲተነፍሱም ደረታቸው ያፏጫል። ከዚያ በእግራቸው እንደማይወጡ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

«ከርከሮዋ ስንት ግልገል አላት?» አለች መርማሪዋ ፎቶውን እያየች።

ሃምሳ አለቃው ሳቀ። «ከርከሮ ማን ይቆጥራል፣ ኢንስፔክተር?»

አምስት ነበሩ። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው ቢጠይቋት አታውቀውም። ከቀብሩ ወዲህ ያየችውን ሁሉ መቁጠር ልማድ ሆኖባታል፤ ቆጠራ ሐሳብ አያስገባም።

ጋሼ ጭራሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እጃቸው ከፊት ታስሯል። በሩን ስትከፍት ከልማዳቸው ሊነሱላት ሞክረው ነበር።

«ማክሰኞ ሄጃለሁ፣ ረቡዕ አልሄድኩም» አሉ። ለሃምሳ አለቃው ደጋግመው ነግረውት ሰልችቷቸው ኖሮ፣ ድምፃቸው የተጠየቀውን መንገድ የሚያሳይ ሰው ድምፅ ሆኗል። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ምክትሉ ጠርቶ፣ ዶክተሩ መነጽራቸውን ረስተው ሄደዋል፣ አድርሱላቸው አላቸው። አድርሰው ተመለሱ። ረቡዕ ግን ከሚስታቸው ጋር እንጨት ሲፈልጡ ነበር። ምክትሉ በበኩሉ ማክሰኞ ማንንም አልላክሁም ብሏል። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ሽማግሌ ቀን ቢያምታታ አይገርምም፣ ሚስትም ለባሏ መመስከሯ አይቀርም ብሎ ደምድሟል።

«ከዶክተሩ ጋር ቂም ነበራችሁ?»

«ልጄ፣ እኔ እሺ የምል ሰው ነኝ። እሺ የሚል ሰው ከማን ይጣላል?»

የካሜራዎቹን ሳጥን ቁልፍ ይይዙ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አይይዙም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ የዶክተሩ፣ አንዱ የምክትሉ። የዶክተሩን መርማሪዋ ራሷ ከሬሳው ኪስ አውጥታዋለች።

ሚስትየዋ ወጥ ቤት ውስጥ ማንም የማይበላውን ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። አላለቀሱም። ቢላዋው ሳይቆም ማክሰኞንና ረቡዕን ከጠዋት እስከ ማታ ተረኩላት። ረቡዕ ቁርስ ቀርቦ ዶክተሩ ሲዘገዩባቸው፣ እሳቸውና ልጅቷ ሁለት ሰዓት ላይ በዚያው መንገድ ሮጠው ሄደው ሬሳውን አገኙ። ማክሰኞ ግን ባላቸው ከማማው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ከባድ ሥራ ጠብቋቸው ነበር።

«የምን ሥራ?»

«አራት ሰዓት ገደማ አንድ የከርከሮ ግልገል ውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ሞተች። እሱ ነው ጎትቶ ያወጣት፣ እሱ ነው የቀበራት። እናትየዋ አራቱን አስከትላ እስከ ማታ ጉድጓዱን ስትዞር ዋለች። እኔስ በሩን ዘጋሁ፤ ማየት አልቻልኩም።»

የመርማሪዋ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመ። «እዚህ አካባቢ ስንት ከርከሮ አለ፣ እናቴ?»

«ግልገል ያላት አንድ ብቻ። ጆሮዋ የተቀደደው። እንደ ጎረቤት ነው የምናውቃት።»

መርማሪዋ ተመልሳ ፎቶውን አጎላችው። የከርከሮዋ ግራ ጆሮ እስከ ሥሩ የተቀደደ ነው። ግልገሎቹን በጣቷ እየነካች እንደገና ቆጠረቻቸው፤ አምስት። ከፎቶው ግርጌ የታተመው ቀን ረቡዕ ይላል። ረቡዕ ደግሞ አምስተኛዋ ከአፈር በታች ሃያ ሰዓት ሆኗታል።

ለሃምሳ አለቃው ገና አልነገረችውም። እሱ እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ለሁሉም ማውራት ነው። ይልቅ ከካሜራው ጋር ምን ምን እንደሰበሰበ ጠየቀችው። የሰበሰበው ብዙ ነበር፤ ካሜራው፣ ሳጥኑ፣ ጓጉንቸሩ፣ ባትሪዎቹ ሳይቀሩ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ውስጥ ተቀምጠዋል። ምክትሉ ረቡዕ ቀን ሳጥኑን በሃምሳ አለቃው ፊት ሲከፍት ካሜራው ጠፍቶ ነበር። «ባትሪው አልቋል፤ ለዚህ ነው ወደ ሬሳው የሮጡትን ሰዎች ያላነሳቸው» ብሎ ባትሪዎቹን ሊጥላቸው ሲል፣ ሃምሳ አለቃው «ማስረጃ ነው» ብሎ ከእጁ ተቀበለው።

«ጥሩ አድርገሃል» አለችው። ከልቧ ነበር።

ባትሪዎቹን ካሜራው ውስጥ መልሳ ከተተችና ማብሪያውን ገፋችው። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። የባትሪው መጠን ሙሉ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ሰዓቱም ትክክል ነበር፤ ቀኑ ሐሙስ ይላል። ሃምሳ አለቃው መብራቷን አየ፣ መርማሪዋን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ራሱን አከከ።

ልጅቷ በአባቷ ክፍል አልጋ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ እራት ላይ ከአባቷ ጋር መጨቃጨቋን ሳትጠየቅ ተናገረች፤ ሌላ ሰው ከሚነግርብኝ ብላ ይመስላል። የተጨቃጨቁት ስለ መጽሐፉ ነበር። አባቷ የዕድሜ ልክ ቆጠራቸውን መጽሐፍ አድርገው በሚቀጥለው ሳምንት ሊያሳትሙት ነበር። ስለ ነብሮቹ ያለውን ምዕራፍ አንብባ፣ «አባዬ፣ እነዚህን ፎቶዎች ልጅ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ እንዴት የዘንድሮ ሆኑ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሳህናቸውን ትተው ተነሱ።

«ምክትሉ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። እነሱማ ከተኳረፉ ከወር በላይ ሆኗቸዋል አሉ፤ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ማዕድ ላይ ጨው እንኳ ለመቀባበል በእኔ በኩል ነው።» ወደ ጫማዋ አየችና፣ «ማልቀስ አልቻልኩም። አባቴ ሞቶ ማልቀስ ካልቻልኩ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» አለች።

መርማሪዋ የምትመልሰው ነገር ፈለገች። «እኔንም እንደዚያው አድርጎኛል» ብቻ አለች፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመጽሐፉን ረቂቅ ይዛ ወጣች። ረቂቁ በደኑ ውስጥ ዘጠኝ ነብሮች አሉ ይላል። በሽፋኑ ላይ የሁለት ሰው ስም ነበረበት፤ የዶክተሩና የምክትሉ።

ምክትሉን ቢሮው ውስጥ አገኘችው፤ እርሳሶቹን በርዝመታቸው ደርድሮ ተቀምጧል። አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ የተዘጋ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የካሜራ ሰባትን ባትሪና የፎቶ ካርድ ማን እንደቀየረ ጠየቀችው። ራሱ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። የቆጠራውን መዝገብ ማየት ይቻል እንደሆነ ስትጠይቀው አላመነታም። እንዲያውም ደስ ያለው መሰለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ያንን መዝገብ አሳየኝ ብሎት የሚያውቅ አይመስልም።

«በሳምንት አንዴ ነው የምትጽፈው?»

«ማታ ማታ፣ በየዕለቱ። ያደረ ቁጥር ይበላሻል።»

መስኮቱ ጋ ቆማ አነበበችው። ጽሕፈቱ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል አንድ ወጥ ነው። አንዲትም ስርዝ የለበትም። የሰኞን ገጽ አነበበች፤ የማክሰኞን አነበበች። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጣ ሁለት ዓመት ያህል በጣቷ ወረደች። መዝገቡን ከደነችና አመሰገነችው። ሰዓቷን ስታይ ስምንት ተኩል ነበር። ሁሉም መመገቢያ አዳራሽ እንዲሰበሰቡ አስጠራች። ጋሼ ጭራሮም እንዲመጡ አደረገች።

በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሚስትየዋ ባላቸው አጠገብ ተቀምጠው የታሰረ እጃቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑላቸው። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐዩ ይንጣጣል።

«ነገሩ አጭር ነው» አለች መርማሪዋ። «ዶክተሩ ተገፍተው ነው የሞቱት። ጣታቸው ተረግጧል። ገዳዩ በካሜራ ሰባት ፊት ማለፍ ነበረበት፤ ሌላ መንገድ የለም። ካርዱ ላይ ደግሞ ያለው ሰው አንድ ነው፤ ጋሼ። ስለዚህ ወይ ጋሼ ገድለዋል፣ ወይ ካርዱ ዋሽቷል።»

ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረችው። ሚስትየዋን የሚያዩት ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን አጥብበው ተጠጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ። «አምስት ናቸው» አሉ። «ይቺ እኮ ሞታለች።»

«ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሞታለች። ፎቶው ግን ረቡዕ ንጋት ይላል። የሞተች ግልገል እናቷን ተከትላ አትሄድም። እንግዲህ ይህ ፎቶ የማክሰኞ ንጋት ነው። ከእሱ በፊትና በኋላ የተነሱትም የማክሰኞ ናቸው። ጋሼ ማክሰኞ ሄጃለሁ ያሉት እውነታቸውን ነው። የካሜራው ሰዓት አንድ ቀን ወደ ፊት ተገፍቶ ነበር።»

ሃምሳ አለቃው፣ ሽማግሌው ራሳቸው ገፍተውት ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። ያሰረውን ሰው ላለመልቀቅ የመጨረሻ ሙከራው ነበር። መርማሪዋ ስለ ቁልፉ አስረዳችው። አንዱ በሟቹ ኪስ ተገኝቷል፤ ሁለተኛው የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ማንም ወደ ምክትሉ አላየም። ማየት የፈራ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉም ጠረጴዛውን አዩ።

«ካሜራው ባትሪ አልጨረሰም። ጋሼ ማክሰኞ ከተመለሱ በኋላ ተከፍቶ፣ ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ ጠፍቷል። ለዚህ ነው ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ እየሮጡ ያለፉትን ሁለት ሴቶች ያላነሳው። ለዚህ ነው ረቡዕ ንጋት ያለፈውን ገዳይም ያላነሳው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ካርዱን ማክሰኞ ከሰዓት ቀየርኩ ብለኸኛል። መዝገብህ ግን ምን ይላል?»

መዝገቡን ከፍታ አነበበችለት። «ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ካሜራ ሰባት፣ ባትሪና ካርድ ተቀየረ። ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ከዘጠኝ፣ ካሜራ ሰባት፣ ከርከሮ፣ እናት ከአምስት ግልገሎች ጋር። ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ አንድ ግልገል ሞተች፤ ቀሪ አራት።» ከመዝገቡ ቀና አለች። «በራስህ እጅ ነው የጻፍከው። ሰኞ ካርዱን ስትቀይር ሰዓቱን ገፋኸው። ማክሰኞ ጋሼ መነሳታቸውን ልታረጋግጥ ካሜራውን ስትከፍት ከርከሮዋንም አየሃት። ማታ ደግሞ ፎቶው ላይ ባተምከው ቀን ሳይሆን በእውነተኛው ቀን መዘገብካት።»

ምክትሉ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና አየው።

«መዝገብ ላይ ሐሰት ጽፌ አላውቅም» አለ።

«አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ አንብቤዋለሁ። አንድም ነብር የለበትም። ዶክተሩ ግን ዘጠኝ አሉ ብለው ስምህን ከስማቸው ጋር ሊያሳትሙት ነበር።»

ልጅቷ ራሷን ቀና አደረገች። ምክትሉ የሚያወራው ለእሷ ይመስል ነበር፤ ድምፁም አልተለወጠም። ነብሮቹን ከመጽሐፉ እንዲያወጡ ዶክተሩን ለወራት ለምኗቸዋል። የድሮ ፎቶዎችን ካሜራ ውስጥ እያስገቡ ቀን ሲቀይሩ ደርሶባቸዋል። ቀን እንዴት እንደሚቀየር ያየውም ያኔ ነው። ነብር ከሌለ ደኑን ማንም አይጠብቀውም ይሉት ነበር፤ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል። እሱ ግን አሥራ አራት ዓመት ዝናብ ላይ ቆሞ የቆጠረው ሁሉ በዘጠኝ ሐሰተኛ ነብር ውኃ ሊበላው ነው። ረቡዕ ማማው ላይ ወጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ለመናቸው። «እሺ ብለውኝ ቢሆን ይዣቸው እወርድ ነበር» አለ።

ካሜራውን ግን ከሰኞ ጀምሮ አዘጋጅቶት ነበር። መርማሪዋ ይህንን ልታስታውሰው አላስፈለገም፤ ራሱም የተናገረውን ሲሰማው አንገቱን ደፋ።

ጋሼ ጭራሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ገበታ ነው የበላነው። ለምን እኔን?»

ምክትሉ ቆጠራ እንደተሳሳተበት ሰው ጥቂት አሰበ። «ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የሚሄዱ፣ ለምን ብለው የማይጠይቁ ሌላ ሰው አልነበረኝም፣ ጋሼ። እርስዎ እምቢ አይሉም።»

ሃምሳ አለቃው ተነሥቶ የሽማግሌውን እጅ ፈታና ሰንሰለቱን በምክትሉ እጅ ላይ አሰረው። ሚስትየዋ በባላቸው አንጓ ላይ የቀረውን ቀይ መስመር በአውራ ጣታቸው ያሹት ጀመር፤ እያሹ እየተቆጧቸው ነበር፤ ሁለተኛ ማንም ሲልክህ እንዲህ ብለህ፣ እንዲያ ብለህ። ልጅቷ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ ድምፅ ተሰማ። እያለቀሰች ነበር፤ ለአባቷ ይሁን ለመጽሐፉ አይታወቅም። መርማሪዋ ድምፁን አዳመጠችው። ሩቅ ቦታ እንደሚዘንብ ዝናብ ነበር፤ እሷ ጋ አልደረሰም፣ ግን መዝነቡን ሰማች።

አሥር ሰዓት ሲሆን የመኪናው ሞተር ተነሣ። ሃምሳ አለቃው በአንድ እጁ ምክትሉን፣ በሌላው የማስረጃ ሳጥኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የምክትሉ ሻንጣ ወለሉ ላይ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ሻንጣ ወደ መኪናው ያምጡልን» አለ ሃምሳ አለቃው፤ ክፋት አልነበረውም፣ እንደ ልማዱ ነው።

ጋሼ ጭራሮ ሊነሱ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ደገፉ። ወገባቸው ግማሽ መንገድ ተነሣ። ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

«አላመጣም» አሉ።

መርማሪዋ ከበሩ ተመልሳ ሻንጣውን ራሷ አነሣችው። ከመሰላት በላይ ከባድ ነበር። እጀታው መዳፏን ቆረጣት፤ እስከ መኪናው ድረስ እንዳመማት ሄደች።